ያሳደግናትን ልጅ «ወለድናት» ብለን እናስመዝግብ ወይስ ጉዲፈቻ እናድርግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ የሚኖሩ የ41 ዓመት እናት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ተከራይታ ትኖር የነበረች ወጣት የአንድ ዓመት ልጇን ትታ ታማ ሞተች። የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጠያቂዋና ባለቤታቸው ሕፃኗን ከወንድ ልጃቸው ጋር አሳደጉ፤ አሁን 7 ዓመቷ ነው፤ «እማዬ»፣ «አባዬ» ትላቸዋለች። የእናቷ እናት ደብረ ሲና አካባቢ ይኖራሉ፤ ለዓመት በዓል እየመጡ ያይዋታል። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ የልደት የምስክር ወረቀት ጠየቀ። አንድ ወዳጅ ደግሞ «ምን አደከማችሁ፣ እናንተ እንደ ወለዳችኋት አድርጋችሁ አስመዝግቧት» አላቸው። ጠያቂዋ እንዲህ ይላሉ፦ «ጉዲፈቻ ነው ወይስ ሞግዚትነት የሚሻለን? አያቷን ብንጠይቅ ይወስዱብናል ብዬ እፈራለሁ። የባለቤቴ ወንድሞች ‹ነገ ቤቱን የባዕድ ልጅ ሊወርሰው ነው› እያሉ ያጉረመርማሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴም ‹በእኔ ስም አድርጊያትና ልውሰዳት› ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የወዳጅዎን ምክር አይቀበሉ። ሰውየው ለክፋት እንዳላለው ይገባኛል፤ በአገራችን በዚህ መንገድ የተመዘገቡ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን እንደ ቤተሰብ ሕግ ጠበቃ ልጅቷን ከሚጎዱት ነገሮች ሁሉ በጣም የምፈራው እሱን ነው።

በሐሰት ልደት ማስመዝገብ ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚከፋው ልጅቷን ያለ መብት ማስቀረቱ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 124 መሠረት እናትነት የሚመጣው ከመውለድ ብቻ ነው። እርስዎ አልወለዷትም፤ ይህንንም ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ የባለቤትዎ ወንድሞች ሁሉም ያውቃሉ። እናንተ በሕይወት እስካላችሁ ድረስ ሰርተፊኬቱን የሚነካው አይኖርም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ስትሞቱና የውርስ ፋይል ሲከፈት ግን «ይህች ልጅ የሟች ልጅ አይደለችም» የሚል አቤቱታ ይቀርባል። ምስክር አይታጣም፤ እርጉዝ ሆነው ያየዎት ሰው የለም፣ የእናቷን ቀብር የወጣ ዕድር ግን አለ። ያኔ ልጅቷ 20 ወይም 30 ዓመቷ ይሆናል። ልጅነቷንም፣ ውርሷንም፣ ስለራሷ የምታውቀውንም ሁሉ በአንድ ችሎት ልታጣ ትችላለች። በዚያ ዕድሜዋ ጉዲፈቻ እናድርግላት ቢባል ደግሞ አይቻልም፤ ሕጉ ጉዲፈቻ የሚፈቅደው ከ18 ዓመት በታች ለሆነና በአሳዳሪ ሥር ላለ ልጅ ብቻ ነው። እንግዲህ አሁን «ቀላል» የተባለው መንገድ ትክክለኛውን መንገድ ለዘለዓለም የሚዘጋ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልግባ። ሕጋችን በወላጅ ቦታ ለሚቆም ሰው ሁለት ሥልጣን ይሰጣል። አሳዳሪ የልጁን ኑሮ፣ ጤናና ትምህርት ይጠብቃል፤ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በሕግ ፊት ስለ እሱ ይቆማል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ስለሚሆኑ በተለምዶ በጅምላ «ሞግዚትነት» ይባላሉ። ሁለቱም ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ በእርስዎና በእሷ መካከል በሕግ የሚታወቅ ዝምድና አይኖርም። ኑዛዜ ካልተናዘዙላት በቀር አትወርስዎትም። የአደራ ቤተሰብ የሚባለው አገልግሎት ደግሞ ጊዜያዊ ነው። ልጁ ወደ ዘመዱ እስኪመለስ ወይም ቋሚ ቤተሰብ እስኪያገኝ በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ክትትል አንድ ቤት የሚያርፍበት ነው። ትልቅ በጎ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ቢገባበት ደስ ይለኛል። የእናንተ ቤት ግን ማረፊያ አይደለም። ስድስት ዓመት «እማዬ» ስትል የኖረች ልጅ ቋሚ ቤተሰብ አግኝታለች፤ የቀረው ሕጉ እንዲያውቃት ማድረግ ነው። ስለዚህ ጉዲፈቻ ያድርጉ።

ጉዲፈቻ በሕግ ሲፀድቅ ልጅቷ ለማንኛውም ጉዳይ የእናንተ ልጅ ተብላ ትቆጠራለች፤ አንቀጽ 181 ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል። ዕድሜያችሁ ይበቃል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ከጉዲፈቻ አድራጊዎቹ ባልና ሚስት አንዳቸው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑ ነው። ልጅ ያላችሁ መሆኑም አያግድም፤ ዳኛው ግን ጉዲፈቻው በወንድ ልጃችሁ ደኅንነት ላይ ምን ያመጣል ብሎ ይመለከታል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ ጉዲፈቻ ማድረግ አትችሉም። ባለቤትዎም አብረው መፈረም አለባቸው፤ ሥራቸው ከከተማ የሚያስወጣቸው ከሆነ ቀጠሮውን ከወዲሁ አመቻቹ።

አሁን ወደሚያስፈራዎት ጉዳይ እንምጣ። ዛሬ በሕግ ፊት የልጅቷ አሳዳሪ እርስዎ አይደሉም፤ አያቷ ናቸው። ወላጅ ሲጠፋ አሳዳሪነትና ሞግዚትነት በቅድሚያ ወደ አያቶች፣ ቀጥሎ ለአካለ መጠን ወደደረሱ ወንድምና እህቶች፣ ከዚያም ወደ አጎትና አክስት እንደሚሄድ አንቀጽ 225 ይደነግጋል። የጉዲፈቻ ስምምነት ደግሞ የሚደረገው በጉዲፈቻ አድራጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል ነው። ስለዚህ እሳቸውን ዘሎ የሚሄድ መንገድ የለም። ቢኖርም እንዲሄዱበት አልመክርም ነበር፤ ልጃቸውን ቀብረው የልጅ ልጃቸውን በበዓል በበዓሉ ሊያዩ የሚመጡ እናት ናቸው።

ደግሞስ የሚያስፈራው ምኑ ነው? ብዙ ሰው ጉዲፈቻ ማለት ልጁን ከሥጋ ዘመዱ መቁረጥ ይመስለዋል። በአንዳንድ አገሮች ሕግ እንዲያ ነው፤ በእኛ ግን አይደለም። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይናገራል። ልጅቷ የእናቷ ልጅ፣ የአያቷ የልጅ ልጅ ሆና ትቀጥላለች። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ የሚሆንበት ጉዳይ ሲመጣ ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ቅድሚያ ያገኛል። ይህ አንቀጽ ከሕጉ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው ነው፤ ካደግንበት ልማድም ጋር ይስማማል። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በአገር ሽማግሌ ፊት በአደባባይ የሚደረግ እንጂ በጓዳ የሚደበቅ አልነበረም። ሁለቱ ቤተሰቦች ይተዋወቃሉ፣ ይጠያየቃሉ። ምስጢር ማድረግ ኋላ የመጣ ፍርሃት ነው።

ለአያቷ ሲነግሯቸው «ልጅቷን ስጡን» ብለው አይጀምሩ። እሳቸውም እኮ የራሳቸው ፍርሃት አላቸው፤ የልጃቸው ስም ከልጅቷ ላይ ሊፋቅ ነው ብለው ይሰጋሉ። ከተቻለ ባለቤትዎና እርስዎ ደብረ ሲና ድረስ ሄዳችሁ፣ እሳቸው የሚያከብሩት ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ባለበት አነጋግሯቸው። ከእርስዎ አፍ መስማት ያለባቸው ልጅቷ የልጅ ልጃቸው መሆኗ እንደማይቀር፣ የእናቷ ስም በመዝገብ እንደሚቆይ፣ በዓል ሲመጣም በሩ እንደማይዘጋባቸው ነው። ይህን በቃል ብቻ አይተዉት። በጉዲፈቻ ስምምነቱ ላይ አያቷ መቼ መቼ እንደሚያዩዋት፣ ክረምት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ የምትቆይበት ጊዜ ቢኖር እሱም ይጻፍ። እናቷ የተወችው የቁጠባ ደብተር ወይም ሌላ ንብረት ካለም የልጅቷ ነው፤ ያም እንዲጠበቅላት በስምምነቱ ቢጠቀስ የአያቷን ልብ ያሳርፋል። እንዲህ ሲጻፍ ያየ ዘመድ ለመፈረም ብዙም አያመነታም።

«ከፈረሙ በኋላ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አንዴ በፍርድ ቤት የፀደቀ ጉዲፈቻ አይፈርስም፤ እሳቸውም እናንተም ልታፈርሱት አትችሉም። ሕጉ ግን በልዩ ሁኔታ የሚፈርስበትን ምክንያት አስቀምጧል፤ እሱም ልጁን ለመጠበቅ ነው። ጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን እንደ ልጁ በማሳደግ ፈንታ እንደ ባሪያ ወይም ባርነት በሚመስል ሁኔታ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ለግብረ ገብ ተቃራኒ በሆነ ድርጊት ካሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ በማናቸውም ሁኔታ ከያዘው፣ ፍርድ ቤት ሊሰርዘው ይችላል። ይህንን የሚሉት አንቀጽ 195 እና 196 ናቸው፤ አቤቱታውን ልጁ ራሱ፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ሊያቀርብ ይችላል። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው «ላሳድጋት» ተብለው ከገጠር መጥተው እንደ ሠራተኛ የሚለፉ ልጆችን ነው። በስም «የልጅ ያህል» ናቸው፤ በተግባር ግን ትምህርት ቤት የማይሄዱት እነሱ ብቻ ናቸው። እናንተ ዘንድ ያለው ይህ አይደለምና ይህ አንቀጽ አያስፈራዎት።

አያቷ እንቢ ቢሉስ? ያኔም ቢሆን ነገሩ በዚያ አያበቃም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማናቸውም ውሳኔ ሲሰጥ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ ልጁን አሳድጌዋለሁ ያለች አክስትና ወላጅ አባት ሲከራከሩ፣ የአባትነት መብት ከልጁ ጥቅም በላይ ሊሆን አይችልም ብሎ ልጁ ካሳደገችው አክስት ጋር እንዲቆይ ወስኗል። የሰበር ትርጉም የታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስድስት ዓመት ከእናንተ ጋር የኖረችን ልጅ «አያት ነኝ» በሚል ብቻ ነቅሎ መውሰድ እንደማይቻል እዚህ ላይ ይረዱ። ግን ይህን ውሳኔ ለማስፈራሪያ ይዘው ደብረ ሲና እንዳይሄዱ። በክርክር የተገኘ ልጅ ሁለት ቤተሰብ ማግኘቱ ይቀርበታል።

ልጅቷ ራሷም ትጠየቃለች። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን ከማፅደቁ በፊት የልጁን አስተያየት መስማት አለበት፤ የ7 ዓመት ልጅ ደግሞ የሚሰማትን መናገር ትችላለች። ዳኛው ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛው ብቻዋን ሊያነጋግራት ይችላል። እናቷ እንደሞተች የማታውቅ ከሆነ ያንን ነገር ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ መስማት የለባትም። አያቷ በመጡበት ቀን፣ የእናቷ ፎቶ ካለ እሱን እያያችሁ፣ «የወለደችሽ እማማ ይህች ናት፤ ስትሞት እኛ አሳደግንሽ፤ ልጃችን ነሽ» በሏት። ልጆች እውነቱን ከምንገምተው በላይ ይሸከማሉ። የሚያቆስላቸው እድሜያቸው ከፍ ሲል፣ በጠብ መካከል፣ ከጎረቤት አፍ ሲሰሙት ነው።

የባለቤትዎ ወንድሞችን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ሕጉ ለእነሱም አንድ መንገድ ሰጥቷል፤ ጉዲፈቻውን በግልጽ የተቃወመ የጉዲፈቻ አድራጊው ወላጅ ወይም የጎን ዘመድ፣ ተቃውሞውን በአንድ ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ካስመዘገበ፣ ጉዲፈቻው በእሱ ላይ ውጤት አይኖረውም። ይህ ማለት ለእሱ የወንድም ልጅ አትሆንም ማለት ብቻ ነው፤ ባለቤትዎን ከመውረስ አያግዳትም። ቤቱን በተመለከተ ደግሞ ወንድሞች የሚያጉረመርሙት በከንቱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሟች ልጅ ካለው በቅድሚያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ባለቤትዎ ወንድ ልጅ ስላላቸው ልጅቷ ኖረችም አልኖረችም ወንድሞቹ በሕግ ወራሽነት የሚደርሳቸው ድርሻ የለም። ይህን ተረጋግተው ቢነግሯቸው ጉርምርምታው ይበርድ ይሆናል። ሊታሰብበት የሚገባው ወንድ ልጃችሁ ነው፤ እሱ ከእህቱ ጋር እኩል እንደሚካፈል ከእናንተ ይስማ።

የእህትዎን ሐሳብ ግን አይከተሉት። አሜሪካዊ ዜግነት ወስደው ከሆነ በሕጋችን የውጭ ዜጋ ናቸው፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ደግሞ በቤተሰብ ሕጉ ላይ የነበረውን የውጭ አገር ጉዲፈቻ ድንጋጌ ሰርዟል። ያ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ውጭ በጉዲፈቻ ከሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት እያሉ «ወላጅ አልባ» ተብለው በሐሰት ሰነድ የወጡ ነበሩ፤ እዚያም ደርሰው የተበደሉ። ከሕጉም ባሻገር እህትዎ የሚያስቡት ለልጅቷ መልካም ይሆናል ብለው ነው፣ ልጅቷ ግን እናት አላት፤ እርስዎ።

አሁን ሥራው ከየት ይጀመር? ከልደቱ፣ ግን ከእውነተኛው ልደት። የእናቷን የሞት የምስክር ወረቀት አውጡ፤ በጊዜው ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ በዘገየ ምዝገባ ይሠራል። ከዚያ አያቷ የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይውሰዱ። ልጅቷ የምትኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ እዚሁ ቢያቀርቡ ይቀላል፤ ደብረ ሲና ከሆነ ግን የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለውና የሚጠቀሰው አንቀጽ ይለያል። በዚያ ማረጋገጫ ልጅቷ በወላጅ እናቷ ስም ልደቷ ይመዘገባል። እዚህ ላይ የክትባት ካርዷን አደራ አይጣሉት። ያ የተጣጠፈ ወረቀት የተወለደችበትን ቀን፣ የጤና ጣቢያውን ማኅተምና የእናቷን ስም ይዟል፤ ከብዙ ምስክር የበለጠ ያስረዳል። ካርዱ ላይ «የአባት ስም» በሚለው መስመር የተጻፈ ስም ካለ ደግሞ አይሰርዙት፣ አይደልዙት። ሕጉ አባት ከታወቀና በሕይወት ካለ ፈቃዱን ይጠይቃል፤ የሞተ፣ የጠፋ ወይም ያልታወቀ ከሆነ ያለ እሱ ይሄዳል። ዳኛው ስሙን አይቶ «ይህ ሰው የት ነው?» ቢልዎት የምታውቁትን በቅንነት መልሱ፤ የእናቷ ጓደኞችና አያቷ ይመሰክራሉ።

ትምህርት ቤቱ በዚህ መሃል ቢያስቸግራችሁ የአያቷን የአሳዳሪነት ማረጋገጫና የልደት ምዝገባውን አሳዩ፤ የጉዲፈቻውን ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልግም። መማር መብቷ ነው።

ቀጥሎ የጉዲፈቻ ስምምነቱ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ፣ እናንተና አያቷ ፈርማችሁበት፣ እንዲፀድቅ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ከአቤቱታው ጋር የጋብቻ የምስክር ወረቀታችሁን፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ማስረጃና ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዙ። ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻው ለልጅቷ ጥቅም መሆኑን በእርግጠኝነት ሳያረጋግጥ አያፀድቅም፤ ስለዚህ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤታችሁን ሊያይ ሊመጣ ይችላል። ቤት ለማስመሰል አትሩጡ። የሚመለከተው ልጅቷ የት እንደምትተኛ፣ ከወንድሟ ጋር እንዴት እንደሆነች፣ ስትደነግጥ ወደ ማን እንደምትሮጥ ነው። የፀደቀ ውሳኔ የሌለው ስምምነት፣ በሽማግሌ ፊትም ይሁን በውልና ማስረጃ የተፈረመ፣ ጉዲፈቻ አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ ፊርማው ይበቃናል ብለው የተቀመጡ ቤተሰቦች አሉና ይጠንቀቁ።

አቤቱታውን ስታዘጋጁ የልጅቷን መጠሪያ በግልጽ ጠይቁ። የራሷ ስም እናቷ ያወጣችላት ከሆነ እንዲቀር፣ ቀጥሎ የባለቤትዎ ስም እንዲሆን ከፈለጋችሁ ይህንኑ በዳኝነት ጥያቄው ላይ አስፍሩት፣ ውሳኔውም ላይ መጻፉን ከችሎት ሳትወጡ አረጋግጡ። ውሳኔው ስለ ስሟ ዝም ካለ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ላይ ልትቸገሩ ትችላላችሁ። ግልባጩን በማኅተም ወስዳችሁ ጉዲፈቻውን በወረዳችሁ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ አንድ ግልባጭ ለአያቷ ስጧቸው።